ስም የሌለው ግንበኛ

«ጥሩ ግንበኛ ታውቃለህ?» ክረምት ሊገባ ሲል ከተማው የሚጠያየቀው ይህንን ነው። ጣራው ያፈሰሰበት፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት፣ ኮርኒሱ የረገበበት ሁሉ «እስቲ እከሌን ጠይቅ» ይባባላል። «ጥሩ» ሲሉ ደግሞ ሁለት ነገር አጣምረው ነው፤ እጁ የተፍታታ፣ እጁም ንጹሕ። ለመሆኑ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማግኘት ስለምን እንዲህ ቸገረ? «ዘመኑ ከፋ» ማለት ቀላል ነው። ነገሩ ግን ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

ከደቦ እንጀምር። በገጠር አንድ ሰው ጎጆ ሊቀልስ ሲነሣ እንጨቱን ያዘጋጃል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ጎረቤቱን ይጠራል። ጎረቤት ቋሚ ይተክላል፣ ማገር ያስራል፣ ጭቃ ይረግጣል። ውል የለም፣ ቀብድ የለም። ዛሬ በሰው ቤት ላይ የቀለደ ነገ ለራሱ ቤት ሰው ያጣል። ዋስትናው ይሄው ነበር።

የጭቃ ቤት ማንም የሚሠራው ይመስላል እንጂ ብዙ ጥበብ አለበት። አፈሩና ጭዱ አንድ ላይ ተቦክቶ ለቀናት ይቆያል፣ በየመሃሉም ይረገጣል። ጭዱ ሳይዋሐድ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ልጡ ያልተላጠ፣ በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ አፈር ውስጥ ከተተከለ ምስጥ ከሥሩ ይጀምረዋል። ግርጌው በድንጋይ ካልተያዘ ደግሞ ከጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ እየፈናጠረ ይበላዋል። ይህ ሁሉ በሥራው ቀን አይታይም፤ ልስኑ ሸፍኖታል። የሚታየው ክረምት ሲያልፍበት ነው። የቤት ሥራ ከሌላው ግብይት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ ሲገዙ አሽተው ያያሉ፤ ግድግዳ ግን ከልስኑ ሥር ያለውን አምነው ነው የሚገዙት። ስለዚህ ከግድግዳው ይልቅ ሰውየውን ማወቅ ያሻል።

ታዲያ ሰውየውን እናውቀው ነበር ወይ? ጎንደርን እንይ። ፋሲለደስ ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሩ ኖራ አቃጥሎ በድንጋይ የመገንባቱ ስልት ከኢየሱሳውያን ሚሲዮን ጋር፣ ከህንድ ጭምር በመጡ ባለሙያዎች እጅ በአገሩ ገብቶ ነበር። ሚሲዮኖቹ ተባረሩ፣ ሙያው ግን ቀረ። ግንበኝነቱንና አናጢነቱን ከያዙት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ዋነኞቹ ነበሩ፤ ከነገሥታቱ መሬት ያገኙም ነበሩባቸው። ሆኖም ያንኑ ግንብ የሠራውን እጅ ሕዝቡ «ቡዳ» ይለው ነበር። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ ሳለ ስድብ ሆኖ ቀረ። ዛሬ የፋሲልን ግንብ፣ የምንትዋብን ቁስቋም እንላለን። ድንጋዩን በድንጋይ ላይ ያስቀመጠው ማን ነበር? ዝም!

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ችግሩ አብሮ መጣ። ምኒልክ ስዊሱን መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ይዘው ነበር። ህንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮችም የመኳንንቱን ቤት ይገነቡ ጀመር። ህንዳዊው ወሊ መሐመድ፣ አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ስማቸው እስካሁን ይነሣል። ከሥራቸው ድንጋይ ይጠርብ፣ ጭቃ ያቀብል የነበረውስ አገሬ? ስሙን የጻፈ የለም። ምኒልክ ነገሩ ከንክኗቸው ኖሮ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ስሙን ግን አልመለሰለትም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል መንገዱም ሕንፃውም ብዙ የቀን ሠራተኛ ሰበሰበ። ፌሮ፣ ካሳፎርማ፣ ዞኮሎ የሚሉት ቃላት በግንበኛው አፍ የቀሩት ሙያው በዓይንና በጆሮ ስለተቀሰመ ነው። ተማሪው ሙያ ይዞ ወጣ፣ ማስረጃ ግን አልያዘም። እኛም «ሙያ በልብ ነው» ብለን አጨበጨብን። በልብ ያለ ሙያ ግን እንዴት ይመረመራል? አዋቂውም አጭበርባሪውም «በልቤ አለ» ማለት ይችላላ!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ክፍተት በወረቀት ሊደፍን ሞከረ። በቁጥር 3039 ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለጥንካሬው ዋስ ነው። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሰውየው በእጅ ስልክ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ፣ ስልኩም ከተዘጋ፣ 10 ዓመቱን ከማን ይጠይቁታል?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ሌላ ነገር ተጨመረ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራያቸውም ቀነሰ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ለቤቱ ግን አልነበረም። ቀበሌው ለጥገና በቂ ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩም የሰው ቤት ነው ብሎ እጁን አያስገባም። ባለቤት የጠፋበት ቤት ባለሙያም ጠፋበት፤ በላስቲክና በአሮጌ ቆርቆሮ እየተጣፈ አረጀ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቹ ቤቶች ውስጣቸው ሳያልቅ ለባለ ዕጣ ተሰጡ። ጎረቤቱን ገና ያላወቀ ሰው ለሴራሚክ፣ ለቧንቧ፣ ለቀለም በአንድ ጊዜ ሠራተኛ ፈላጊ ሆነ። ደቦው ቀርቷል፣ የደቦው ዕፍረት አብሮት ቀርቷል፤ ሕጉ ደግሞ ገና መንደር አልገባም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የድሮውን ዋስትና በአዲስ መልክ መመለስ ነው። ሠራተኛው ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ሥራውን ያሳይ፤ ባለቤቱንም ማነጋገር ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው ከሥራው እኩል ይራመድ፤ የመጨረሻው ድርሻ ደግሞ ዝናብ እስኪፈትነው ይቆይ። አሠሪውም በበኩሉ የተስማማበትን በቀኑ ይክፈል፤ ደመወዙን የሚጎትቱበት ሰው ልስኑን ቢያሳሳ ምን ይገርማል?

ከሁሉ በላይ ግን ስሙን እንጻፍ። ቤቱን ማን እንደገነባው፣ ማን እንደለሰነው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ከበሩ ጉበን ላይ ቢቀረጽ ምን ይጎድላል? ስሙ የተጻፈ ግንበኛ የሚኮራበት ነገር አለው፤ ስለዚህም የሚያፍርበት ነገር አለው። ያልሰየምነውን ሰው «ታማኝ አይደለም» ብለን ስንከስ ሦስት መቶ ዓመት አልፎናል። እስቲ መጀመሪያ ስምህ ማነው እንበለው!