የ«ተረፈ» ዘመዶች

ስለ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሥራዎች በአማርኛ ሲጻፍ ወይም ሲወራ አንድ ሐረግ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል፤ «ከወዳደቁ ዕቃዎች የተሠሩ»። ሐረጉን የሚጠቀሙት ሰዎች ለማድነቅ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ቃሉ ግን እውነት አይናገርም። ኤልያስ በሰሌዳ ላይ የሚቸነክራቸው የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የኮምፒዩተር ማዘርቦርዶችና የኪይቦርድ ቁልፎች መንገድ ዳር ወድቀው የተገኙ አይደሉም። ብዙዎቹ የመጡት ከመርካቶ ነው። አንዱ ፈታቸው፣ ሌላው በየዓይነቱ ለያቸው፣ ሦስተኛዋ ዋጋ ጠራችባቸው፣ ሠዓሊው ተከራክሮ ገዛቸው። ይህን ያህል እጅ የዞረውን ዕቃ «የወደቀ» ብሎ መጥራት የሰዎቹን ድካም ሁሉ ይሰርዛል።

«ወደቀ» በአማርኛ ከባድ ግሥ ነው። ተማሪ ይወድቃል፣ መንግሥት ይወድቃል፣ ፍርድ ቤት አቤቱታን ውድቅ ያደርጋል። «ውዳቂ» ሰው ላይ ሲነገር ስድብ ነው። እንዲህ ዓይነት ሸክም ያለበት ቃል ዕቃ ላይ ሲለጠፍ ዕቃውን ብቻ አይነካም፤ ዕቃውን የሰበሰበውንም ይነካል። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ከቤት ወጥተው ሰሌዳ ላይ እስኪደርሱ በየመንገዱ ምን እየተባሉ እንደሚጠሩ ልከታተል ተነሣሁ።

መንገዱ የሚጀምረው ከጩኸት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ቁራሌው!» ሙሉ ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው!» ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጠራ የሚውል ቃል እንደ ሳንቲም ጠርዙ ይበላል። ከ«ቆርቆሮ» ግማሹ ቀረ፤ «ያለው» ደግሞ የ«ያ»ን ድምፅ ለጎረቤቱ ለ«ለ» አስረከበና «ሌው» ሆነ። ከዚያ ጥሪው ወደ ጠሪው ዞረ፤ «ቁራሌው መጣ» ማለት ጀመርን። ዛሬ ቁራሌው ቆርቆሮ ብቻ አይገዛም። ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ያረጀ ሬዲዮ፣ የተቃጠለ ምጣድ ይገዛል። ስሙ ግን የመጀመሪያውን ዕቃ ይዞ ቀርቷል።

ትከሻው ላይ ያለውን ከረጢት ተመልከቱት። ስሙ «ማዳበሪያ» ነው። ዳበረ ከሚለው ግሥ የወጣው ይህ ቃል የአፈር ማዳበሪያ ስም ነበር፤ ማዳበሪያው ማሳ ላይ ፈስሶ አልቆ ከረጢቱ ቤት ሲቀር ስሙም ከከረጢቱ ጋር ቀረ። አሁን «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ስንል ማንም አይገረምም። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ «ሃይላንድ» አለ። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን የማንኛውም ኩባንያ ውኃ ቢሆን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ሃይላንድ ይባላል፤ በገጠር መንገድ ዳር ሕፃናት መኪና ሲያዩ የሚጠሩት እሱን ነው። ከሥሩ «ቆርኪ» ይንኳኳል። ይህ ከእንግሊዝኛው ኮርክ የመጣ ነው። ዊልያም ፔንተር የተባለ የባልቲሞር ሰው በ1892 እ.ኤ.አ. ጥርሳም የቆርቆሮ ክዳን በስሙ ሲያስመዘግብ፣ የክዳኑ ሆድ ከዛፍ ልጥ በተቆረጠ ቀጭን ኮርክ ይሸፈን ነበር። ዛሬ አንድ ቆርኪ ገልብጣችሁ ብታዩ የምታገኙት ፕላስቲክ ነው። ልጡ የለም፤ ስሙ አለ።

ማዳበሪያው የሚራገፈው መርካቶ ነው። መርካቶ ራሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የተዉት ቃል ሲሆን ትርጉሙ ገበያ ነው። ከተራዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው የ«ምናለሽ ተራ»ን ስም ነው። ብዙ ገበያ በሚሸጠው ዕቃ ይጠራል፤ ሸማ ተራ፣ ሳጠራ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ። ይሄኛው የተጠራው በጥያቄ ነው። «ምን አለሽ?» ገዢው ምን እንደሚያገኝ አያውቅም፤ ሻጯም ነገ ምን እንደሚገባላት አታውቅም። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ሽ» ደግሞ ልብ በሉ። ተጠያቂዋ ሴት ናት። በመሬት ላይ ሸራ ዘርግታ አሮጌ መዝጊያ፣ ብሎንና ካቻቢቴ የደረደረችው ሻጭ ስሟ የትም ባይጻፍ በአንዲት ፊደል የገበያው ስም ውስጥ ተቀምጣለች። ጥያቄው ራሱም አክባሪ ነው፤ «አለሽ ወይ?» አይልም፤ እንዳላት አምኖ ነው የሚነሣው።

አሁን ወደ ቃላቱ አሠራር ልግባ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። አማርኛ ለቅሪት ዕቃ የተለየ ቅርጽ ማውጫ አለው። የመጀመሪያውን ፊደል ሳድስ፣ ሁለተኛውን ራብዕ ያደርጋል፣ የመጨረሻውን ወደ ሣልስ ይገፋዋል። ሰበረ ስባሪ፣ ጠረገ ጥራጊ፣ ወደቀ ውዳቂ። የመጨረሻው ፊደል ጥ፣ ድ ወይም ስ ከሆነ «ኢ» ራሷ ትሰወርና ዱካዋን ድምፁ ላይ ትታ ትሄዳለች፤ ቆረጠ ቁራጭ፣ ቀደደ ቅዳጅ፣ ወረደ ውራጅ፣ ለበሰ ልባሽ። ፕላስቲክ ሳህን ይዞ አሮጌ ልብስ የሚቀበለው ነጋዴ የሚጮኸው «ልዋጭ!» የወጣው ከዚሁ ቅርጽ ነው፤ ለወጠ፣ ልዋጭ። የተቀደደውን ሱሪ፣ የተሰበረውን ብረት፣ የተቆረጠውን እንጀራ፣ ሁሉንም በአንድ ቅርጽ እናወጣዋለን።

ቅሪቱ ብዙና ደቃቅ ሲሆን ደግሞ ቋንቋው ራሱን ይሰባብራል። የግሡን የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ወስዶ ይደግማቸዋል፤ ሰበረ ስብርባሪ፣ ቆረጠ ቁርጥራጭ፣ ፈረሰ ፍርስራሽ፣ በጠሰ ብጥስጣሽ፣ ተረፈ ትርፍራፊ። ቀስ ብላችሁ በቃል በሉት፤ «ቁርጥ» ካለ በኋላ «ራጭ» ብሎ እንደገና ይቆርጣል። መቀስ የመሰለ ቃል ነው። ብረትም ሲከመር «ብረታ ብረት» ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሠዓሊ አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ሰሌዳ ሲሞላ አማርኛ ተናጋሪ ዓይን እንግዳ አይሆንበትም። ጆሮው ለምዶታል።

ኤልያስ በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ቀደም ባሉት ሥራዎቹ ክርና የልብስ ቁልፍ ይጠቀም ነበር። በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ዕቃ ሲዞር ኪይቦርድ ገባ፤ እዚያም ያገኘው «ቁልፍ» ነው። ሸሚዝ የሚዘጋውም፣ በር የሚከፍተውም፣ ፊደል የሚመታውም በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ ሥሩ ቆለፈ። ፈረንጅ ተመልካች ሁለት የተለያየ ዕቃ የሚያይበት ቦታ ላይ እኛ ቃሉን ይዘን ከመርፌው ሥራ ወደ ኮምፒዩተሩ ሥራ እንሻገራለን።

«ታይትሮፕ» በሚለው ተከታታይ ሥራው ሽቦዎቹ የተጎነጎኑ ናቸው። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን መስኮት የሚታይ ማሳ ይመስላል፤ ጤፉ ለብቻ፣ ባቄላው ለብቻ፣ መሐል ላይ የውኃ መውረጃ። ጠጋ ስትሉ ማሳው ይጠፋና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ላስቲክ የለበሰ ሽቦ ይሆናል፤ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ጣት በማያስገባ ጥብቀት በሚስማር ተይዟል። ሹሩባ ሲጎነጎን አጠገብ የተቀመጠ ሰው እጅ ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀ ይገባዋል።

ይህን ሥራ ብዙ ሰው «ኮላዥ» ይለዋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ መለጠፍ ከሚለው ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ግሡ የተወለደው ሙጫ ከሚለው ስም ነው። ጫማ ሰፊዎቻችን በየቀኑ የሚጠሩት «ኮላ» በጣሊያን በኩል የገባ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ፒካሶ በ1912 እ.ኤ.አ. የወንበር ሽመና የታተመበትን ጨርቅ ሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ሲከብበው የሠራው የኮላ ሥራ ነበር። ዣን ዱቡፌ በ1953 እ.ኤ.አ. «አሳምብላዥ» ሲል፣ የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. በዚሁ ስም ትልቅ ትርኢት ሲያዘጋጅ ቃሉ ወደ ማገጣጠም ሰፋ። የኤልያስ ሽቦ ግን በኮላ አልተለጠፈም። ተጎንጉኖ ተቸንክሯል። ለእሱ ያለን ቃል «ጉንጉን» ነው፤ የፀጉርም የአበባም ስም ሆኖ ኖሯል፣ የሽቦም ይችላል።

«ረቂቅ» የሚለው ሌላው ቃል ሳይቆጨኝ የምጠቀምበት ነው። አውሮፓውያን «አብስትራክት» ሲሉ ከላቲኑ ስቦ ማውጣት፣ ማራቅ ማለታቸው ነው። ግእዙ ረቀቀ ግን ቀጠነ፣ ደቀቀ ማለት ነው። የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ረቂቅን ብቻውን አይሰማውም፤ አጠገቡ «ግዙፍ» አለ። መልአክ ረቂቅ ነው፣ ድንጋይ ግዙፍ ነው። ከማዘርቦርድ የተሠራ ረቂቅ ሥዕል ፊት ስቆም የሚይዘኝ ይህ ነው፤ ብረቱ፣ ሚስማሩ፣ ክብደቱ ግዙፍ ሆኖ ሳለ ዓይን የሚያየው ረቂቁን ነው።

ስለ ብረት ከተነሣ ያለፍነውን በደል መዝለል አልችልም። ጥበብ፣ ጠቢብና ጠይብ አንድ ሥር አላቸው፤ ግእዙ ጠቢብ ብልኅም ባለ እጅም ነው። በአማርኛ «በ» ላልታ «ጠይብ» ስትሆን ቃሉ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን መስደቢያ ሆነ። ማረሻውን ከሰው እጅ ተቀብሎ ሰውየውን ቡዳ ብሎ መሸሽ የአገራችን እውነት ነበር፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ለዚህ ነው «ውዳቂ» የሚለውን እንደ ቀላል ስህተት የማላየው። ዕቃን የሚያድስ እጅ ላይ ክፉ ቃል የመለጠፍ ልማድ አለብን።

ታዲያ ምን እንበል? «ሰልባጅ» ወይም «ሳልቫጅ» የሚል አለ። እንግሊዝኛው በላቲን ማዳን ከሚለው ግሥ የተነሣ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመርከበኞች ቃል ነበር፤ ከመስጠም የዳነን መርከብ ወይም ጭነት ላተረፈ ሰው የሚከፈል ዋጋ። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ከልብስ በቀር ሌላ አልያዘም፤ ለሽቦ አይሆንም።

ከላይኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ላተረፈ» የሚለውን አስቤበት አልጻፍኩትም፤ ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ ነው። ተረፈ። ሰው ከአደጋ ይተርፋል። ምግብ ከማዕድ ይተርፋል። ነጋዴ ትርፍ ያገኛል፣ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ያወጣል፣ ሐኪም ትርፍ አንጀት ይቆርጣል፣ ታክሲ ትርፍ ይጭናል። ደግ ሰው ከራሱ አልፎ ለሌላው ይተርፋል። መልካም ሥራ በግእዙ ትሩፋት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከምትቆጥራቸው መጻሕፍት መካከል «ተረፈ ኤርምያስ» አለ፤ ከነቢዩ የቀረው ከቅዱሱ ጋር ተቆጥሮ ይነበባል። ትርፍራፊና ትሩፋት ከአንድ ግሥ የሚወለዱበት ቋንቋ እያለን «ወደቀ»ን ለምን እንደምንመርጥ አይገባኝም። «ከተረፉ ዕቃዎች የተሠራ» ብንል አንድ ፊደል አይጨምርብንም።

ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2019 እ.ኤ.አ. መካኒሳ ላይ ተከፍቷል፤ ሥራዎቹ በ2022 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ትርኢት ላይ ታይተዋል። በእነዚህ ሥራዎች ሥር የአማርኛ መግለጫ በተጻፈ ቁጥር «ተረፈ» የሚለው ቃል እንዲታሰብ እለምናለሁ።

ተረፈ የሰው ስምም ነው። በፊት የወለደቻቸው የሞቱባት እናት ሌላ ስትወልድ፣ እሱም ሲሰነብትላት፣ ተረፈ ትለዋለች፤ ሴት ከሆነች ተረፈች። ሲመሽ ከደጅ ቆማ «ተረፈ! ኧረ ና ግባ!» ብላ ስትጣራ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።