ሐምሌን ሐዋሳ

ስሙኝማ! ዕለቱ ሰኔ 30 ነው። ልጆቹ ካርዳቸውን ተቀብለው ቤት ገብተዋል፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ ዝናቡ የአዲስ አበባን ቆርቆሮ ይደበድባል። ክረምቱን ወዴት እንሂድ? አባት «ላንጋኖ» አለ። ልጆቹ «ጀልባ ያለበት ይሁን!» ብለው ጮኹ። አያታቸው ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው ስለ ምጽዋ ጀመሩ።

ባለቤታቸው ባሕር ኃይል ሳሉ እዚያው ጉርጉሱም ዳርቻ አሸዋ ላይ ልጆቻቸውን አጫውተዋል። ያ ዳርቻ ከ1985 ወዲህ የሌላ አገር ነው። «ውሃ ካማራችሁ ሐዋሳ ውሰዱኝ። ሐምሌ 19ንም እዚያው ገብርኤልን አነግሣለሁ» አሉ። ነገሩ አለቀ።

«እማዬ፣ እርስዎ ካሉ እሺ፤ ግን አልጋው ቀድሞ ይያዝ» አለች ምራታቸው። ብልህ ሴት! በሐምሌ ገብርኤል ሐዋሳ ከየአገሩ በመጣ ምእመን ትጥለቀለቃለች፤ አልጋ ይጠፋል፣ የተገኘውም ይወደዳል። ስለዚህ ስልኩ ተደወለ፣ ቀብዱ ተከፈለ፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጉዞው ተጀመረ።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ እያለ ይወርዳል። ማልዶ የወጣ ምሳውን ሐዋሳ ይበላል።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የሐዋሳ ጥሩው ነገር ያለው ማለዳ ላይ ነውና። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩ ዓሳ አጥማጆች ጎሕ ሲቀድ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ይደርሳሉ። ወጣቱ ቆሮሶውን ከጀልባው ጠርዝ ላይ አጋድሞ ቅርፊቱን ያራግፋል፤ ቢላዋውን ከአጥንቱ ጋር አስታክኮ ይስባል፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንጀቱን ወርወር ሲያደርገው፣ ጋቢ እንደ ለበሰ ሽማግሌ ቆሞ የቆየው አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ይሻማል። ልጆቹ ሳቁ፣ ትንሿ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ከበላያቸው ጉሬዛ ከዋርካ ወደ ዋርካ ይዘላል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ፤ ለልጅ ግን ጥብሱና ሾርባው ይሻላል እላለሁ።

ጀልባውም በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ማዕበል ያስነሳል። ጀልባ ቀዛፊው ጉማሬዎቹን ከሩቅ አሳያቸው፤ «እናቲቱ ግልገል ይዛለች፣ አንጠጋም» አለ። እንዲህ ያለውን ቀዛፊ ምረጡ። መዋኘት ለሚፈልግ ልጅ ሐይቁን አልመክርም፤ ቢልሃርዝያ አለበት። ለዋና ብቻ ከሆነ አባትየው ልክ ነበር፤ ላንጋኖ ይበልጣል። አለዚያ አንዱን ቀን ወንዶ ገነት ፍልውሃ መዋል ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ካባራ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማውንና ሐይቁን በአንድ እይታ ማየት ይቻላል።

አያትየው ሐምሌ 19ን ገብርኤል ደጅ ዋሉ፤ ማምሻውን ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተቀምጠው ለልጅ ልጆቻቸው የምጽዋን መርከቦች ሲተርኩ አመሹ።

እናንተም የምትሄዱ ከሆነ አልጋችሁን ቀድማችሁ ያዙ፤ ልጆቹን ላይፍ ጃኬት ሳታለብሱ ጀልባ አታሳፍሩ። የውሃ ፕላስቲካችሁን ደግሞ ይዛችሁ ተመለሱ፤ የሐዋሳ ሐይቅ የሚፈስበት መውጫ ወንዝ የለውም፣ የጣላችሁት ሁሉ እዚያው ይቀራል።