የኦሞ ሙላትና የዳሰነች ድሆች

የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት ዳርቻ የሚኖረው የዳሰነች ሕዝብ ሙላትን እንደ መዓት ብቻ አልቈጠረውም። የደጋው የክረምት ዝናም ወንዙን ከአፉ እስኪያልፍ ሞልቶት ውሃው ሲሸሽ፥ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ፥ በለመለመውም ሣር ከብት ይሰማራ ነበር።

በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ግን ሙላቱ ከልማዱ አልፎ በደቡብ ኦሞ ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ከብትም ጠርጎ ወሰደ።

ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ የዳሰነች ቤት ተመልሶ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በተረፈ ከብትና በወዳጅ። ዳሰነች በስጦታ ልውውጥ ባዳውን ወዳጅ ያደርጋል፤ ወዳጁም በችግር ቀን ይደርስለታል። ከብት የሌለው ሰው ግን የሚሰጠው ስለሌለው የሚደርስለትም ጥቂት ነው። «ዲየስ» የሚባሉት መንጋ የሌላቸው ድሆች ኑሯቸውን በዓሣ ማጥመድ የመሠረቱት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የሞተውን ከብት ቈጥሮ የሚክስ ርዳታ ባለመንጋውን ያነሣል፤ አስቀድሞ ምንም ያልነበረውን ግን ከመዝገብ ውጭ ይተወዋል። ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ፥ ባሏ ለሞተባትም ሴት፥ መረብ፥ ታንኳ፥ ዘርና የደለል መሬት ድርሻ ከመንጋ ይቀድማሉ።

የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ፍሰት በግድቡ የሚመጠን ሆኗል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሐይቁ ውሃ ከፍ ብሎ የዳርቻውን መንደሮች አጥለቅልቋል። የቀድሞው ሙላት ሲሸሽ እርሻ ይተው ነበር፤ የማይሸሽ ውሃ ግን ለድሃው የሚዘራበትን አይተውለትም። ስለዚህ የመቋቋሚያው ሥራ ከድሃው ደጅ ሊጀምር ይገባል።