ባዶ ማሳ ላይ የቆመው የሰባት ሜትር እንጨት

በጥር ወር ከጀርመኗ ሙኒክ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ማሳው ላይ አንድ ቅጠል እንኳ የለም። ነገር ግን የመብራት ምሰሶ የሚያካክሉ እንጨቶች በመደዳ ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ሽቦው እንደ መረብ ተዘርግቷል። የመብራት መስመር እንዳይባል ሽቦው ከማሳው አይወጣም። ዳስ እንዳይባል ጣሪያ የለውም። ታዲያ ምን ሊሰቀልበት ነው?

መልሱን ከመናገሬ በፊት እስቲ እንደ መርማሪ እናስብ። ለተክሉ ድጋፍ የሚሠራ ገበሬ ገንዘቡንም ጉልበቱንም በከንቱ አያፈስም። ስለዚህ ድጋፉ ስለ ተክሉ የሚነግረን ነገር አለ። ቋሚዎቹ ከሰው ቁመት የማይበልጡ ከሆኑና ሽቦው በአግድም በሁለት ሦስት እርከን ከተወጠረ፣ ብዙውን ጊዜ ወይን ነው። የወይን ግንድ ዓመት ከዓመት ስለሚቆይ ቅጠሉ በረገፈ ጊዜም ጠማማው ጉቶ ይታያል። ባቱ አካባቢ ያለውን የወይን እርሻ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐረጉ በሕይወት ባለ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ከወጣ ቁንዶ በርበሬ ሊሆን ይችላል። አደንጓሬ ደግሞ የበቆሎ አገዳ ይበቃዋል።

ሰባት ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ማሳው ባዶ ነው፤ ጉቶም ግንድም አይታይም። ይህ ማለት ተክሉ በየዓመቱ ከሥሩ ተነስቶ፣ በጥቂት ወራት ሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል ቁመት ወጥቶ፣ ከዚያ ተመልሶ እስከ መሬት ይደርቃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጠባይ ኖሮት አውሮፓ ውስጥ በሰፊው የሚመረት ሰብል አንድ ነው፤ ሆፕስ።

ሆፕስ የቢራን መራራነትና መዓዛ የሚሰጠው ተክል ነው። አንዳንድ መዝገበ ቃላት "ጌሾ" ብለው ይተረጉሙታል። ሥራቸው ተመሳሰለ እንጂ ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። ጌሾ ራሱን ችሎ የሚቆም ቁጥቋጦ ነው፤ ለጠላና ለጠጅ የምንፈልገውም ቅጠሉንና እንጨቱን ነው። ሆፕስ ግን ሐረግ ነው፤ የሚፈለገውም የሴቴዋ ተክል አበባ ብቻ ነው። አበባው አውራ ጣት የሚያክል፣ እንደ ቅርፊት የተደራረበ ለስላሳ ነገር ሲሆን ውስጡ ሉፑሊን የሚባል ቢጫ ዱቄት አለ። መራራው እሱ ነው።

ሐረጉ እንዴት እንደሚወጣ ቁጭ ብሎ የተመለከተ አንድ ታዋቂ ሰው ነበር፤ ቻርልስ ዳርዊን። መኖሪያው በእንግሊዝ የሆፕስ አገር በኬንት ነው። ታሞ ቤት በዋለበት ጊዜ አንድ የሆፕስ ተክል በማሰሮ ተክሎ ክፍሉ ውስጥ አስገባና ቀንና ሌሊት ተከታተለው። የሐረጉ ጫፍ የሚይዘው ነገር ፍለጋ በአየር ላይ ይዞራል። በሞቃት ቀን አንዱ ዙር በአማካይ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ እንደሚፈጅ ለካ፤ ውጤቱንም በ1865 አሳተመ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እንጨት ወይም ክር ሲያገኝ ይጠመጠማል፤ ከላይ ሲታይ ሁልጊዜ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ።

ቁመቱስ ለምን ሰባት ሜትር ሆነ? ምክንያቱ ፀሐይ ናት። ሆፕስ ቀኑ ረጅም እስከሆነ ድረስ ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል፤ ቀኑ ሲያጥር ያብባል። በሰኔ ወር ሙኒክ አካባቢ ብርሃን 16 ሰዓት ያህል ይቆያል። እኛ አገር ግን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ እዚህ ቢተከል ገና ሳያድግ ቶሎ ያብብና ምርቱ ትንሽ ይሆናል። ቢራ ፋብሪካዎቻችን ሆፕስን ከውጭ የሚያስመጡትም ያለ ምክንያት አይደለም።

የሆፕስ ታሪክ ከገዳም ይጀምራል ማለት ይቻላል። በ822 የፈረንሳዩ ኮርቢ ገዳም አበምኔት ባወጡት የሥራ መመሪያ ውስጥ ተጠቅሷል። በ12ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ጀርመናዊቷ መነኩሲት ሂልደጋርድ መራራነቱ መጠጥ እንዳይበላሽ እንደሚያደርግ ጽፋለች። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ የማይበላሽ ቢራ በጋሪና በመርከብ ተጭኖ ሩቅ አገር ይሸጣል። ሩቅ ገበያ ሲመጣ ማሳው ሰፋ፤ ማሳው ሲሰፋ ድጋፉ ራሱን የቻለ ወጪ ሆነ።

በ1574 የኬንቱ ሰው ሬጂናልድ ስኮት ስለ ሆፕስ አመራረት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያውን የተግባር መመሪያ አሳተመ። (ይኸው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ "ጠንቋይ ናችሁ" እየተባሉ የሚከሰሱ ሰዎችን የሚከላከል መጽሐፍ ጽፏል፤ እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ሥራው ይበልጥብኛል።) በመመሪያው ሥዕሎች ላይ ሽቦ የለም። አፈር በጉብታ ይከመራል፤ ጉብታው ላይ ረዣዥም አጣናዎች ይተከላሉ። አበባው ሲደርስ አጣናው ከነሐረጉ ተነቅሎ ይጋደማል፤ ከዚያ ይለቀማል። በዓመቱ ደግሞ እንደገና መትከል ነው። እንጨቱ መሬት ውስጥ ስለሚበሰብስ በየጊዜው አዲስ ያስፈልጋል። ለዚህም ሲባል በኬንት ቼስትነት የሚባለውን ዛፍ በብዛት ይተክሉ ነበር፤ እንደኛ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ነው። ስለዚህ ከማሳው አጠገብ የቆመው ጫካም የድጋፉ አካል ነበር።

ሽቦ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ቋሚዎቹ በቦታቸው ቀሩ፤ በየዓመቱ የሚቀየረው ከላይኛው ሽቦ እስከ መሬት የሚወርደው ክር ብቻ ሆነ፤ ብዙውን ጊዜም ከኮኮናት ቃጫ የተፈተለ። ግን ያን ሁሉ ከፍታ ማን ደርሶ ያስረዋል? የኬንት ሠራተኞች እግራቸው ላይ ረዣዥም እንጨት አስረው፣ በመደዳዎቹ መካከል እየተራመዱ ያስሩት ነበር። የቆዩ ፎቶግራፎች ላይ ግዙፍ ሰዎች ይመስላሉ።

ማሰሩን ጥቂት ሰዎች ይሠሩታል። ለቀማው ግን የሕዝብ ሥራ ነበር። በየመስከረሙ የምሥራቅ ለንደን ድሆች እናቶችና ልጆች ሳይቀሩ ወደ ኬንት ይጎርፋሉ፤ ከአየርላንድ የሚመጡ አሉ፤ ሮማዎችም አሉ። ለለንደን ልጆች ንጹሕ አየር የሚያዩበት ጊዜ ነው እየተባለ እንደ ሽርሽር ሲወራለት እሰማለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ጸሐፊው ጆርጅ ኦርዌል ግን በ1931 አብሯቸው ሲለቅም ሸካራው ሐረግ መዳፉን እንደቆራረጠው ጽፏል። ከዚያም የከፋ አለ። ጥቅምት 20 ቀን 1853 ለቃሚዎችን ከማሳ ወደ ማደሪያቸው የሚመልስ ጋሪ ሃርትሌክ በሚባል ቦታ የሜድዌይን ወንዝ ሲሻገር የእንጨት ድልድዩን ጠርዝ ሰብሮ ወደቀ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። 30 ሰዎች ሰጠሙ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። መታሰቢያቸው ሃድሎ በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመልቀሚያ ማሽን ገባ፤ የለንደኖቹ ጉዞም ቀረ። ሐረጉ ተቆርጦ ወደ ማሽኑ ይወሰድ ጀመር፤ ማሰሩ ግን አሁንም የከፍታ ሥራ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ አዩት፤ ድጋፉን ከማሻሻል ተክሉን ማሳጠር። በዋይ ኮሌጅ የተዳቀሉ ድንክ የሆፕስ ዝርያዎች በ1990ዎቹ ለገበሬ ደረሱ። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ የሚወጡትም በመረብ ላይ ሲሆን ማሽን ከመደዳው በላይ ተንፈራጥጦ እያለፈ ይለቅማቸዋል።

በዚህም "ሰባት ሜትር ካየሁ ሆፕስ ነው" የምትለዋ ዘዴያችን ግማሽ ጎኗን አጣች። አጭሩን የሆፕስ መደዳ ከሩቅ ያየ ሰው ወይን ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ቀረብ ማለት ነው የሚያዋጣው። ወይን እንደ ጣት በሚይዝ ቀጭን ክር ሽቦውን ይጨብጣል፤ ሆፕስ ግን እንዲህ ያለ ክር የለውም፤ ግንዱ ራሱ ነው የሚጠመጠመው። በጣታችሁ ብትዳስሱት ኦርዌልን ያስቸገረው ሻካራ ጸጉር ይሰማችኋል። ከላይ ሆናችሁ ብታዩት ደግሞ ዳርዊን ክፍሉ ውስጥ እንዳየው ነው፤ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ።