ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው ቀይ ጋሻ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀምሩ፣ ከመረጧቸው ጣቢያዎች አንዷ ጉኑኖ ነበረች። ዛሬ በወላይታ የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ የሆነችው ጉኑኖ ያኔ የምትተዳደረው በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። በሃንስ ሁርኒ የተመራው ይህ ፕሮግራም እንደ ማይባር፣ አንጀኒና አንዲት ጥድ ባሉ ቦታዎችም ጣቢያ ነበረው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የዘነበውን ዝናብ መለካት፣ ከማሳው ታጥቦ የወረደውን አፈር መመዘን፣ ሁሉንም በወረቀት መመዝገብ። ከአሥር ዓመት በላይ የተጠራቀመው መዝገብ በኋላ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ተተነተነና ለንባብ በቃ።

ወረቀት የሚጠፋው በአይጥ፣ በእርጥበት ወይም በእሳት ነው። የወላይታ መዝገብ ግን ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔት የተባለው የሳተላይት መስመር የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ማገናኘት ጀመረ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው፤ በ1999 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። የደመወዝ ዝርዝር፣ የተማሪ ውጤትና የመመረቂያ ጽሑፍ በሙሉ ፋይል ሆነ። ፋይሉን የሚያጠፋው ጠላትም አብሮ ገባ።

የዚያ ጠላት ታሪክ የሚጀምረው ከኢንተርኔት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ሶፍትዌር ያለፈቃድ መባዛቱ አናደዳቸውና «ብሬን» የተባለውን ቫይረስ ጻፉ። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር ውስጡ አስቀመጡ። ቫይረሱ በፍሎፒ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዓለምን ዞረ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር የነበራቸው ጥቂት መሥሪያ ቤቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና የእርዳታ ድርጅቶች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮሚሽኑ ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል በስልክ መስመር ኢሜይል ማመላለስ ጀመረ፤ መልእክቱ ተጠራቅሞ በተወሰነ ሰዓት የሚላክ እንጂ እንደ ዛሬው ወዲያው የሚደርስ አልነበረም። እውነተኛው ኢንተርኔት የመጣው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል በኢሜይል ተሠራጭቶ የእንግሊዝ ፓርላማን የኢሜይል አገልግሎት ሲያስዘጋ፣ ኢትዮጵያ የነበሯት የኢንተርኔት ደንበኞች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። የወረዳ ከተሞችን ከዚያ ማዕበል የጠበቃቸው መስመር አለመኖሩ ነው። ነገር ግን ይህ ከለላ ብዙ አልቆየም፤ ፍላሽ መጣ።

ፍላሽ ለኢትዮጵያ ተማሪና ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነበር። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ጽሑፉን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያስተይባል፣ ኢንተርኔት ቤት ያርማል፣ ሌላ ቦታ ያሳትማል። በአንድ ኮምፒውተር ቤት በአንድ ቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ይሰካል። ወላይታ ውስጥ ይህን ለመረዳት ከጓሮ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ፣ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የለዩት፣ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ቢላ ነው። የታመመውን እንሰት የቆረጠ ቢላ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታው ይዛመታል፤ ቢላውን በእሳት ማስነካት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ፍላሽም ሳይጸዳ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄድ ቢላ ሆነ።

በሽታው የተመቸው በአንድ የዊንዶውስ ባሕርይ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሲዲ ሲገባ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ «አውቶራን» የተባለ ዘዴ አበጅቶ ነበር። የቫይረስ ጸሐፊዎች ያንኑ ዘዴ ለፍላሽ ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የታየው ኮንፊከር የተባለ ትል ከዚህም አለፈ። ፍላሹ ሲሰካ በሚከፈተው መስኮት ላይ «ፋይሎቹን ለማየት ክፈት» የሚል አንድ ተጨማሪ መስመር ከነፎልደር ሥዕሉ ይጨምራል። ከሥሩ እውነተኛው መስመር አለ፤ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የላይኛውን የነካ ሰው ትሉን በገዛ እጁ አስነሣ። ይህን ያደረገውን ሰው ግዴለሽ ማለት ትክክል አይደለም፤ ዊንዶውስ ራሱ የጠየቀው መስሎት መለሰ እንጂ።

ኮንፊከር የገባበትን ሌላውን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ትሉ ከመታየቱ በፊት በጥቅምት ደፍኖት ነበር። ማሻሻያውን የጫነ ማሽን ከዚያ በኩል አይጠቃም ነበር። ታዲያ ለምን ሚሊዮኖች ተያዙ? እዚህ ላይ ነው የማስጠንቀቂያው ታሪክ የሚመረው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2004 የወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ፣ ከስክሪኑ ቀኝ ግርጌ ከሰዓቱ አጠገብ ቀይ ጋሻ አስቀመጠ። ጋሻዋ ኮምፒውተሩ አደጋ ላይ ሊሆን እንደሚችል፣ አንቲቫይረሱ እንዳረጀ ወይም ማሻሻያ እንደተዘጋ ትናገራለች። የምትለው ሁሉ እውነት ነበር። ግን የምትናገረው ሁልጊዜ መስመር ላይ ላለ፣ ፈቃዱን ለገዛና እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ነበር። የወረዳ ከተማ ኮምፒውተር ከሦስቱ አንዱን እንኳ ለማሟላት ይቸገር ነበር። በ56 ኪሎቢት የስልክ መስመር 50 ሜጋባይት የአንቲቫይረስ ፋይል ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የዋናው ዊንዶውስ ዋጋም ለጽሕፈት ቤት ባለቤትም ሆነ ለመምህር የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የሚጫነው ከእጅ ወደ እጅ የተባዛ ቅጂ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ማይክሮሶፍት ቅጂው እውነተኛ አይደለም የሚል መልእክት በማሻሻያው በኩል መላክ ጀመረ፤ በኋላም የስክሪኑን ጀርባ ማጥቆር ጀመረ። ጥገና ቤቶች መላውን ያውቁት ነበር፦ ማሻሻያውን መዝጋት። ማይክሮሶፍት ላልተፈቀደ ቅጂም ዋና ዋና የደህንነት ማሻሻያዎችን ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ጥቁሩን ስክሪን የፈራ ሰው ቀዳዳ የሚደፍነውንም አብሮ ዘጋው። ኩባንያው ገቢውን ለማስጠበቅ የወሰደው እርምጃ ድሃውን ተጠቃሚ ከጥበቃው አራቀው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በነፃ የወጣው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስም ሲጫን የዊንዶውሱን ሕጋዊነት ይመረምር ነበርና በጣም የሚያስፈልገው ሰው ጋ አልደረሰም።

እንዲህ እያለ ቀይዋን ጋሻ ሰው ለመዳት። በየቀኑ እያየ ምንም ሊያደርግላት አልቻለምና ማንበቡን ተወ።

ማንም የማያነበው ማስጠንቀቂያ ለአጭበርባሪ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ «ኤክስፒ አንቲቫይረስ» የመሳሰሉ የሐሰት ፕሮግራሞች ያንኑ ጋሻ ሥለው ማሽኑ በቫይረስ ተሞልቷል እያሉ ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ላይ በመሠረተው ክስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸማቾች መታለላቸውን ገልጿል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ የያዘ ሰው ጥቂት ስለነበረ አጭበርባሪዎቹ ገንዘቡን ማግኘት አልቻሉም፤ ማሽኑን ግን ያንቁታል።

ከዚህ የከፋው በስደት ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ደረሰ። ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ተቃዋሚዎች ቪዲዮ እንዲያዩ የሚጋብዝ ኢሜይል እንደደረሳቸው አሳይቷል። ሊንኩን የከፈተ ሰው «ፍላሽ ፕሌየር የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻህን አሻሽል» ይባላል፤ ማሻሻያ የተባለው ግን የእስራኤሉ ሳይበርቢት ኩባንያ የሠራው መሰለያ ነበር። ከዒላማዎቹ አንዱ ያኔ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ ነው። ለደህንነትህ አሻሽል የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ ሆነ።

ሕጉ ቀስ እያለ ተከተለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 በኮምፒውተር ስለሚፈጸም ወንጀል ደነገገ፤ በ1999 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም ተመሠረተ፤ በ2008 ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ጸደቀ። እነዚህ ለመንግሥትና ለባንክ ይጠቅማሉ። ፋይሉ የጠፋበት ተማሪ የሚሮጠው ግን ወደ ጥገና ቤት ነው።

የዚህ ታሪክ ትክክለኛ ባለሙያዎችም የጥገና ቤት ሠራተኞች ናቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 የካቲት በፍላሽ በኩል የሚሠራውን አውቶራን በማሻሻያ ሲያጠፋ፣ የቫይረስ ጸሐፊዎች ስልት ቀየሩ። አዲሱ ቫይረስ የፍላሹን ፎልደሮች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። «ፍላሼ ሾርትከት ሆነብኝ» የሚለው እሮሮ ከዚያ መጣ። ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፎርማት ያደርጋል፤ በሽታው ያላጠፋውን መድኃኒቱ ያጠፋል። ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ግን ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይከፍትና «አትሪብ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ጥቂት ፊደላት ይጽፋል፤ የተደበቁት ፎልደሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ። የማኑዋል ገጽ ሳያዩ ይህን በቃል የያዙ ወጣቶች ለብዙ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን መልሰውለታል። አንዳንዶቹም ፍጥነቱ ደህና ከሆነበት ቦታ የአንቲቫይረሱን ማሻሻያ ፋይል አውርደው፣ በዚያው በሽታውን ባመጣው ፍላሽ ወደ ሌሎች ማሽኖች ያደርሱ ነበር። ሥራቸውን ማንም አልመዘገበላቸውም፤ ሊመዘገብ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ትል ሲነሣ የኮንፊከር ታሪክ ተደገመ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ግን ፋይላቸው ተቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ተጠየቁ። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ኮምፒውተሮች ተያዙ።

ዛሬ ነገሩ በአንድ በኩል ቀሏል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ አብሮ ስለሚመጣ የቤት ተጠቃሚ ሌላ መግዛት አይጠበቅበትም። የውሸቱን ማስጠንቀቂያ መለየትም ይቻላል። እውነተኛው የሚገኘው በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ነው፤ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ደውል አይልም። ሐሰተኛው በብሮውዘር ይመጣል፤ ይጮኻል፣ ያቻኩላል። ብዙ ጊዜም አንድ ገጽ ላይ «አላው» የሚለውን ሳያስቡ በመንካት የተፈቀደለት ገጽ ነው፣ ከቀኝ ግርጌ ቫይረስ ተገኘ እያለ ብቅ የሚለው። መፍትሔው ከብሮውዘሩ ማስተካከያ ገብቶ ያንን ፈቃድ መንሣት ነው።

በሌላ በኩል ግን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። ወላይታም ሆነ ሌላ ቦታ ያሉ ያገለገሉ ዴስክቶፖች በአብዛኛው እዚያ መካከል የቀሩ ናቸው። ሁለት ነገር ግን ይቀራቸዋል፦ ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ፋይል ለዊንዶውስ 10 እስከ ጥቅምት 2028 ማውጣቱን እንደሚቀጥል አስታውቋል፤ ፋይሉም ከኩባንያው ድረ ገጽ በነፃ ወርዶ በፍላሽ ተወስዶ ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ ሊጫን ይችላል።