ካርቱምን ያጥለቀለቀው የየት አገር ዝናብ ነው?

ስለ 1980 ዓ.ም. የካርቱም ጎርፍ በክፍል ውስጥ ስጠይቅ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ዓባይ ሞልቶ ነው» የሚል ነው። በማሠልጠኛ ተቋማችን ያሉት ዕጩ መምህራንም ከዚህ የተለየ አይሉም። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ ነው።

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ሥፍራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ1813 ዓ.ም. ገደማ የግብጽ ጦር ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ ስታገኝ የካርቱም በአማካይ 200 እንኳ አይሞላም። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ በሐምሌና በነሐሴ እስከዚያ ቢዘልቅም ኃይሉ የሚደክመው በዚያው አካባቢ ነው። በመሆኑም ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ሰውን ያዘናጋውም ይኸው ነው። የጭቃ ጡብ ቤት ለሙቀቱ ተስማሚ ነው፤ ለዓመታት ውሃ ያላየ የጎርፍ መውረጃም ባዶ ቦታ ይመስላል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከኮርዶፋንና ከዳርፉር የተሰደዱት፣ በ1975 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት ከደቡብ የሸሹትም በከተማይቱ ዳር ሠፈሩ። ያገኙት መሬት አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ያልፈለገው ረባዳ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1988) የጀመረው ዝናብ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ያህል አወረደ። የጭቃው ግድግዳ ሟሟ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መጠለያ አጣ። ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቁር ዓባይ ገና ከፍተኛ ሙላቱ ላይ አልደረሰም ነበር። ከድርቅ ያመለጠውን ሰው ቤቱን ያፈረሰበት እዚያው የዘነበው ዝናብ ነው።

የእኛ ደጋ ዝናብ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ጥቁር ዓባይ ከጣና፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካርቱም ይገባል። በሙላቱ ወራት ነጭ ዓባይን ገፍቶ ያቆመዋል። የ1938ቱ ጎርፍ የወንዝ ሙላት ነበር፤ የ2012ቱ ደግሞ ከ1938ቱም ከ1980ውም የበለጠ ከፍታ ተመዝግቦበታል። የወንዝ ሙላት በመጀመሪያ የሚያገኘው እንደ ቱቲ ደሴት ያሉትን የዳርቻ ነዋሪዎች ነው፤ የአካባቢው ዝናብ ግን ከወንዝ ርቀው የሠፈሩትንም አይምርም። ሁለቱን ጎርፎች በአንድ ስም መጥራታችን ተጎጂዎቹንም ያደባልቅብናል።

አንድ ተማሪ «በ1958 የተሠራው የሮሰይረስ ግድብ ለምን አላዳናቸውም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግድቡ በደለል እንዳይሞላ ሲባል ዋናው ሙላት እንዲያልፍ ይለቀቃል፤ ውሃ የሚያጠራቅመው ከዚያ በኋላ ነው። በኦምዱርማን ዳር የሚዘንበውን ዝናብ ደግሞ የትኛውም የወንዝ ግድብ አይዘውም። ለዚያ የሚያስፈልገው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው።