እንሶስላና የላቦራቶሪው ቱቦ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ደጋ ሁሉ፣ እንሶስላ መሞቅ ሴቶች ከእናቶቻቸው የወረሱት የሠርግና የበዓል ልማድ ነው። የተክሉ ሥር ተወቅጦ እጅና እግርን ያቀላል። ሂናም በቅጠሉ ባለው ሎውሶን በተባለ ውሑድ አማካይነት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ አለርጂ የሚያስነሣውም ከስንት አንድ ጊዜ ነው። «ጥቁር ሂና» በሚባለው ቀለም ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን የተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ይጨመራል። ይህን ኬሚካል የአውሮፓ ሕግ ለፀጉር ቀለም ከ2 በመቶ ሳይበልጥ ሲፈቅድ፣ ለቆዳ መቀቢያ አይፈቅደውም። ታዲያ የአንድ መዋቢያ ጉዳት ሙሽራይቱ ሳትቀባው በፊት እንዴት ሊታወቅ ይችላል?

ጥያቄውን የሚያከብደው የአለርጂ ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ንክኪ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምልክት ያልፋል፤ ሰውነት ግን ባዕዱን ነገር ለይቶ ይይዘዋል። ዳግም ሲነካው ቆዳው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይቀላል፤ ያሳክካል፤ ውሃ ይቋጥራል። ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን እ.ኤ.አ. በ1895 ያቀረቡት የልጥፍ ምርመራ በሽተኛውን የጎዳው ምን እንደሆነ ያሳያል እንጂ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም።

የማስጠንቀቁ ዕዳ የወደቀው በእንስሳት ላይ ነበር። ማግኑሶንና ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1969 በጊኒ ፒጎች ላይ የሚካሄድ ምርመራ አስተዋወቁ። በአይጥ የንፍፊት እጢ ላይ የሚደረገውም እ.ኤ.አ. በ2002 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት መመሪያ ሆነ። የሚገርመው ግን፣ እንስሳትን ነፃ ያወጣው ቁልፍ ራሱ የተገኘው በጊኒ ፒግ ላይ በተደረገ ሙከራ መሆኑ ነው። ላንድስታይነርና ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጡት ጥናት አለርጂ የማስነሣት ኃይል ኬሚካሉ ከሌላ ነገር ጋር ለመጣመር ካለው ችሎታ ጋር እንደሚሄድ አመለከቱ። ኬሚካሉ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ካልተጣመረ የሰውነት መከላከያ አያየውም ማለት ነው። ጥምረት ደግሞ በቱቦ ውስጥ ሊለካ ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 በእንስሳት ላይ የተሞከሩ መዋቢያዎችን ሽያጭ በሙሉ ሲከለክል፣ ይህ አሮጌ ዕውቀት ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቀው መመሪያ መሠረት ኬሚካሉ ሲስቴይንና ላይሲን ካላቸው ሁለት ፔፕታይዶች ጋር ለ24 ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ከዚያም የጎደለው ፔፕታይድ ይለካል። አማካዩ ጉድለት ከ6.38 በመቶ ካለፈ ኬሚካሉ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ምርመራ የቆዳ ሴሎችን፣ ሦስተኛው የመከላከያ ሴሎችን ምላሽ ይመለከታል። አንዱ ብቻውን ዳኛ ስላልሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 497ኛ መመሪያ ከሦስቱ የሁለቱ ስምምነት እንዲፈርድ ፈቀደ።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ድርሻ ይጀምራል። የቱቦው ምርመራ በሞለኪውል ስሌት የሚሠራ በመሆኑ፣ እንደ እንሶስላ ያለ የብዙ ውሑዶች ድብልቅ እንዳለ ቢገባበት የሚታመን ፍርድ አይሰጥም። ውሑዶቹ መጀመሪያ ሊለዩ ይገባል። ደግሞም አንዳንድ ኬሚካል አደገኛ የሚሆነው በሰውነት ውስጥ ከተለወጠ በኋላ ስለሆነ ከቱቦው ሊያመልጥ ይችላል። «ከዕፅዋት የተሠራ ነው» የሚለው ቃልም ማስረጃ አይደለም፤ ተፈጥሮም ከፕሮቲን ጋር የሚጣመሩ ውሑዶችን ታዘጋጃለችና።

መለየትና መለካት የኬሚስትና የመሐንዲስ የዘወትር ሥራ ነው፤ የእንስሳት ማርቢያም አይጠይቅም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ካምፓስ አለው፤ ተክሉም በደጋው ይበቅላል። የእናቶቻችንን እንሶስላ ከጥቁሩ ቀለም በማስረጃ ለይተን ካላሳየን፣ ፍርዱ እንደ ቀድሞው በሙሽራይቱ ቆዳ ላይ ይጻፋል።